ጋዝ ተሞልቶለት ተመልሶ ሙቅ ለሚነፋ ኤሲ፦ ኮምፕረሰር ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ላሳጥረው፦ መኪናሽ 2008 ሞዴል ቪትዝ ነው፣ ኤሲው ሙቅ መንፋት ሲጀምር ሰፈርሽ ያለ ጋራዥ ጋዝ ሞሉልሽ፣ ሦስት ሳምንት ያህል አሪፍ ሰራ፣ ከዛ ቀስ እያለ ደከመ። አሁን ከካዛንቺስ ወደ ሜክሲኮ ስትሄጂ መንገዱ ከተከፈተልሽ ለብ ያለ አየር ይመጣል፣ ስታዲየም ጋር ትራፊክ ሲይዝሽ ግን ጭራሽ ሙቅ ይሆናል። ሌላ መካኒክ ደሞ ኮፈኑን ከፍቶ ነካ ነካ አርጎ "ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር" አለሽ። በቅርቡ ደሞ ከልጆቹ ጋር ወደ አዋሽ መውረድ አለ።

አጭሩ መልሴ፣ ኮምፕረሰር እንዳትገዢ። ቢያንስ ጌጅ (የጋዙን ግፊት የሚለካ መሳሪያ) ተሰክቶ ቁጥር ሳታዪ አትግዢ። ከጻፍሽው ምልክት እኔ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው፣ አንዱ ሊክ (ጋዝ የሚሾልክበት ቦታ)፣ ሁለተኛው የፊት ፋን ወይም ኮንደንሰር፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ደሞ ብዙ ጊዜ ከኮምፕረሰር ባነሰ ብር የሚሰሩ ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ የኤሲ ጋዝ አያልቅም። ቤንዚን አይደለም አይቃጠልም፣ የሞተር ዘይትም አይደለም ይሄን ያህል ኪሎሜትር ሲሄድ ይቀየራል አይባልም። ቤትሽ ያለውን ፍሪጅ አስቢው፣ ስንት አመት ሲሰራ ማን መጥቶ ጋዝ ሞላለት? የመኪናም ዝግ መስመር ውስጥ ነው የሚዞረው፣ ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፣ ከፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን አውጥቶ ፈሳሽ ያረገዋል፣ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ጋር ሲያልፍ ግፊቱ ይወርድና ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለውን ኢቫፖሬተር ያቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ወደ ኮምፕረሰር። በቃ ይሄው ነው ሲዞር የሚኖረው። እርግጥ መኪና ይንቀጠቀጣል፣ ቱቦዎቹም በከፊል ጎማ ናቸው፣ የኮምፕረሰሩ ዘንግም በቺንጋ ከውጭ ስለሚዞር ጋዙን የሚይዝለት ማሸጊያ አለው፣ ስለዚ በአመታት ውስጥ ጥቂት ግራም መቀነስ ያለ ነገር ነው። በሦስት ሳምንት ግን አይቀንስም። በሦስት ሳምንት የደከመ ኤሲ ሊክ አለው፣ እዚ ላይ ክርክር የለም። ጋዝ የሞላልሽ ሰው ጌጁን ሲሰካ መስመሩ እንደጎደለ በአይኑ አይቷል፣ የት ሄደ ብሎ ሳይፈልግ በላዩ ሞልቶ ብርሽን ተቀበለ። ይሄ ነገር እኔን በጣም ያናድደኛል ምክንያቱም የሚጎዳው የጋዙ ዋጋ ብቻ አይደለም። የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ነው እየዞረ የሚመለሰው፣ ጋዙ በሾለከበት ዘይቱም ትንሽ ትንሽ ይወጣል፣ ጋዝ ሲያንስ ደሞ የቀረውም ዘይት በደንብ አይመለስም። በየወሩ እየሞሉ መንዳት ማለት ዛሬ ደህና የሆነውን ኮምፕረሰር ነገ በደረቁ አሰርቶ መግደል ማለት ነው።

ሰው ማወቅ ያለበት ሌላ ነገር፣ ኮምፕረሰሩ አልዞረም ማለት ሞቷል ማለት አይደለም። ጋዙ በጣም ሲጎድል የግፊት ሴንሰሩ ራሱ አትዙር ብሎ ያቆመዋል፣ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ግፊቱ ከ30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ በታች ሲወርድ ማለት ነው። ኮምፕረሰሩን ለማዳን የተሰራ መከላከያ ነው። ግፊቱ ከልክ በላይ ሲወጣም እንደዛው ይቆርጠዋል። ስለዚ ኮፈን ከፍቶ ቆሞ አይቶ ሞቷል ያለሽ ሰው የተሰራለትን ጥበቃ እንደ በሽታ ቆጥሮት ሊሆን ይችላል።

አሁን ጋራዥ ሳትሄጂ ራስሽ የምታዪው ነገር አለ። ጠዋት መኪናው ቀዝቃዛ እያለ ኮፈኑን ክፈቺ፣ አንድ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ኤሲውን ያብራልሽ፣ ነፋሱ እስከ መጨረሻ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያው ደሞ ሰማያዊው ጫፍ ላይ። ሻርፕና የተንጠለጠለ ነገር አውልቂ፣ እጅሽን ከቺንጋውና ከፋኑ አርቂ። መጀመሪያ ጆሮ ስጪ፣ ኤሲው ሲበራ ኮምፕረሰሩ ጋር "ቀጭ" የሚል ድምፅ አለ፣ ክላቹ ሲይዝ ነው፣ ከፊት ያለው ክብ ብረት ከፑሊው ጋር አብሮ መዞር ይጀምራል። (አንዳንድ መኪና ላይ ክላች የሌለው ኮምፕረሰር ስላለ ቀጭ ባይል ወዲያው አትደንግጪ።) ቀጭ ብሎ ይዞ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ለቆ ደግሞ ይዞ ደግሞ ለቆ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጋዝ አንሷል ማለት ነው። ጭራሽ ካልያዘ ጋዙ ወጥቷል ወይ ደሞ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ሴንሰር ነው፣ ኤሌትሪሻን በቴስተር ቶሎ ያገኘዋል።

ከዛ ወደ ፋኑ። ኤሲ እንደበራ ፋኑ መዞር አለበት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ አይጠብቅም። ያንቺ ምልክት፣ ስትሄጂ ይሻላል ስትቆሚ ይብሳል የሚለው፣ አይኔን ወደ ፋን የወሰደው እሱ ነው። መኪናው ሲሄድ ንፋሱ በፊት ግሪል ገብቶ ኮንደንሰሩን ያበርደዋል፣ ስትቆሚ ይሄን ስራ ፋኑ ካልሰራው ሙቀቱ እዛው ይታፈናል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ወደ ውስጥ የሚመጣው አየር ይሞቃል። እርግጥ ሞተሩ ስሎው ላይ ሲሆን ኮምፕረሰሩም ቀስ ብሎ ስለሚዞር ጋዝ ያነሰ ወይም በውስጡ የደከመ ኮምፕረሰርም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፣ ስለዚ መለየት ያስፈልጋል። መለያው ቀላል ነው፦ ኤሲውን ቆመሽ አብሪውና ሙቅ መንፋት ሲጀምር በግሪሉ በኩል ኮንደንሰሩ ላይ ብቻ፣ ኤሌትሪክ ነገር ሳትነኪ፣ በጆግ ቀስ እያረግሽ ውሃ አፍስሺበት። አንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከውስጥ የሚመጣው አየር ግልፅ ሆኖ ከቀዘቀዘ ችግሩ የኮንደንሰር ማብረድ ነው፣ ፋን ወይም ቆሻሻ። ውሃው ምንም ካልቀየረ ወደ ጋዙና ወደ ኮምፕረሰሩ እንሄዳለን።

ፋኑ ዞረ ብለሽ ብቻ ግን አትለፊው። አርጅቶ ካርቦኑ ያለቀ ፋን ይዞራል ግን አይስብም። ኤሲው በርቶ ቀለል ያለ ወረቀት ወደ ግሪሉ አስጠጊ፣ ስቦ ካልለጠፈው ደክሟል። ፋኑን በቅርብ ቀይረሽው ከነበረ ደሞ በየት በኩል እንደሚነፋ እዪ፣ ሽቦው ተገልብጦ ታስሮ ወደ ፊት የሚነፋ መኪና በተደጋጋሚ ይገጥመኛል፣ ሰውየው ፋን ቀየርኩ ብሎ እርግጠኛ ነው ኤሲው ግን ስትቆም ይሞቃል።

ኮንደንሰሩን በደንብ እዪው። ከራዲያተሩ ፊት ያለችው ቀጭን መረብ መሳይ ነገር ናት። የአዲስ አበባ አቧራ፣ የኮንስትራክሽኑ ሲሚንቶ፣ ከዛ ክረምት ሲመጣ ጭቃው ላይዋ ላይ ይጋገራል፣ በሷና በራዲያተሩ መካከል ደሞ ፌስታል ገብቶ ግማሹን ሸፍኖት ከውጭ የማይታይበት ጊዜ አለ፣ በባትሪ ከላይ ወደ ታች ካላየሽ አታገኚውም። ላቫጆ ስትወስጂው በሀይለኛ ፕሬዠር በቅርብ እንዳያጥቡት ንገሪያቸው፣ ክንፎቿ ስስ አልሙኒየም ስለሆኑ ይታጠፉና አየር ጭራሽ አያስገቡም። ለስላሳ ውሃ፣ ቢቻል ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት።

እዛው እያለሽ አንድ ሌላ ነገር ፈልጊ፣ ቅባት። ጋዝ አይታይም ዘይቱ ግን ይታያል። ኮንደንሰሩ ላይ፣ በተለይ ከታች ጥግ ጠጠር የሚመታው ቦታና ቱቦዎቹ የሚገቡበት ጋር፣ ሌላው ሁሉ ደረቅ ግራጫ አቧራ ሆኖ አንዲት የእጅ መዳፍ የምታክል ቦታ ጠቆር ብላ አቧራው እርጥብ ሆኖ ተለጥፎባት ካየሽ ጣትሽን አስነኪው። ቅባት ካለው ሊኩን አገኘሽው ማለት ነው፣ በሳሙና አረፋ ማረጋገጥ ብቻ ነው የሚቀረው። ቱቦ ከቱቦ የሚገናኝበት ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት)፣ ኮምፕረሰሩ ፊት ክላቹ ስር፣ ጋዝ የሚሞላበት ቫልቭ (ክዳኑ የጠፋ ከሆነ በተለይ)፣ እነዚህም ጋር እንደዚሁ እዪ።

ይሄን ካየሽ በኋላ ወደ ባለሙያ ነው። ጌጅ የሌለው ሰው ጋር አትሂጂ። ማኒፎልድ ጌጅ ሁለት ሰአት (ቁጥር የሚያሳይ ክብ መለኪያ) አለው፣ ሰማያዊው ሎው ቀዩ ሀይ። ሞተሩ ጠፍቶ ሁለቱም እኩል ያነባሉ፣ አዳር የቆመ መኪና በ20 ዲግሪ ገደማ 70 ፒኤስአይ አካባቢ ያሳያል። እዚ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ 70 አለ ስለዚ ጋዙ ሙሉ ነው ይላል። አይደለም። ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ የሚወሰነው በሙቀቱ ነው፣ ግማሹ የወጣም ሙሉው ያለም ያንኑ ቁጥር ያሳያሉ። ቁም ነገሩ ሲሰራ የሚያነበው ነው። ለአር 134 ኤ ጋዝ፣ ያንቺም ቪትዝ በዚ ነው የሚሰራው፣ በኛ ከተማ አየር ሎው 25 እስከ 35፣ ሀይ ደሞ 130 እስከ 180 ገደማ ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ ጎሏል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ወይ ኮንደንሰሩ አልበረደም ወይ ከመጠን በላይ ተሞልቷል ወይ ውስጡ አየር ገብቷል። ሎው ወደ ዜሮ ወይ ከዜሮ በታች ወርዶ ሀይም ደካማ ከሆነ መስመሩ ተዘግቷል፣ ብዙ ጊዜ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ጋር በቆሻሻ ወይም እርጥበት በረዶ ሰርቶ። ሎው ከፍ ብሎ ሀይ ዝቅ ብሎ ሁለቱ ሰአቶች ተቀራርበው ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠውም ካልተራራቁ፣ ያኔ ነው ኮምፕረሰሩ መጭመቅ አቅቶታል የሚባለው። መካኒኩ ሞቷል ሲልሽ ይሄን ሁለት ቁጥር ካላሳየሽ ምርመራ አልተደረገም።

ጋዙ ጎሎ ከተገኘ፣ በላዩ ጨምር እንዳትዪ፣ ሊኩ ይፈለግ። ትክክለኛው መንገድ የቀረውን ጋዝ በማሽን ሰብስቦ መስመሩን በደረቅ ናይትሮጂን እስከ 150 ፒኤስአይ ገደማ ሞልቶ በሳሙና መፈተሽ ነው። ቀስ ብሎ ለሚያፈስ ደሞ በአልትራቫዮሌት ባትሪ የሚታይ ቀለም ይጨመርና የተወሰነ ቀን ነድተሽ ትመለሻለሽ። ጎሚስታ ጋር ባለው የጎማ አየር የሚፈትሹ አሉ፣ እምቢ በዪ፣ ያ አየር እርጥበት ይዞ ነው የሚገባው፣ እርጥበት ከዘይቱ ጋር ሆኖ ከውስጥ ያበሰብሳል። በኦክስጅን የሚሞክር ካየሽ ግን መኪናሽን ይዘሽ ውጪ፣ ኦክስጅን በግፊት ዘይት ካገኘ ይፈነዳል፣ ሰው ይሞታል። መስመሩ ውስጥ እርጥበት የሚመጠው ማድረቂያም፣ ብዙ ሞዴል ላይ ኮንደንሰሩ ጎን ነው ያለው፣ መስመሩ ክፍት ሆኖ ከቆየ መቀየር አለበት።

ከዛ ቫኪዩም፣ መስመሩ ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ ስቦ ማውጣት ማለት ነው። ግማሽ ሰአት ቢያንስ፣ መስመሩ ተከፍቶ ከቆየ ከዛም በላይ። እዚ ጋር አዲስ አበባን የሚመለከት ነገር ልንገርሽ ወጣት ባለሙያዎችም ያንብቡት። ቪዲዮ ላይ ጌጁ ወደ 29 ኢንች (ቫኪዩም የሚለካበት ነው) ወርዶ ታያላችሁ፣ እሱ ባህር ጠረፍ ላይ ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ በላያችን ያለው አየር ራሱ ቀላል ነው፣ በጣም ጥሩ ፓምፕ ቢሆን እንኳ ጌጁ 22 ወይ 23 አካባቢ ይቆማል፣ ከዛ ሊወርድ አይችልም። ፓምፑ ሞቷል ብሎ ሌላ ፓምፕ የሚገዛ አለ፣ ሊክ አለ ብሎ ደህና ቱቦ የሚፈታም አለ፣ ሁለቱም ያልታመመ ነገር እያከሙ ነው። በተቃራኒው ደሞ ቫኪዩሙ ይዟል ስለዚ ሊክ የለም የሚል አለ፣ እሱም አያስኬድም፣ ቫኪዩም ወደ ውስጥ ስለሚስብ የተሰነጠቀ ኦሪንግን ሊያስጠጋው ይችላል፣ ስራ ላይ ግን ከ150 በላይ ግፊት ወደ ውጭ ይገፋዋል። ናይትሮጂኑን ያልኩሽ ለዚ ነው።

ጋዝ ሲሞላ በሚዛን ይሞላ። ስንት ግራም እንደሚወስድ ኮፈኑ ስር ወይ ራዲያተሩ አካባቢ ስቲከር ላይ ተጽፏል፣ ፎቶ አንሺውና ያዢው። ትናንሽ መኪኖች የሚወስዱት ትንሽ ስለሆነ መቶ ግራም ማነስም መብዛትም ይሰማል። በእጅ እየነካ "ቀዝቅዟል በቃ" የሚል አሞላል ላንቺ ጉዞ በተለይ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም እዚ ውጭው 22 ዲግሪ ሆኖ ትንሽ የበዛ ጋዝ ችግሩን አያሳይም። አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ እዛ ስትደርሺ ግፊቱ ጣሪያ ነክቶ ሴንሰሩ ይቆርጠዋል፣ ልጆቹን ይዘሽ መስኮት ከፍተሽ ነው የምትሄጂው። ዘይቱም የራሱ አይነት አለው፣ ቪትዝ ላይ ፓግ የሚባለው ነው፣ የወጣውን ያህል ይተካል፣ ያገኙትን አይጨምሩበት። ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደሞ፣ አሁን ከተማው በነሱ እየሞላ ስለሆነ ነው የማነሳው፣ የናንተ ኮምፕረሰር በኤሌክትሪክ ነው የሚዞረው፣ በብዛት ፒኦኢ የሚባል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዘይት ነው የሚወስደው፣ ፓግ ከገባበት መኪናው የኤሌክትሪክ ሊክ አለ ብሎ ሊቆምባችሁ ይችላል። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ያለበትን ብርቱካናማውን ኬብል ያልሰለጠነ ሰው እንዳይነካው።

ሊኩን የሚደፍን ኬሚካል በቆርቆሮ ይሸጣል፣ ተዪው። አየርና እርጥበት ሲያገኝ የሚደርቅ ነገር ስለሆነ ኤክስፓንሽን ቫልቩን ሊዘጋው ይችላል፣ የባለሙያውንም ማሽን ያበላሻል። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ቀላቅለው የሚሞሉም አሉ ይባላል፣ ይቀዘቅዛል እውነት ነው፣ ግን ኢቫፖሬተሩ አንድ ቀን ቢሾልክ ተቀጣጣይ ጋዝ ዝግ መኪና ውስጥ ከልጆችሽ ጋር ነው የሚገባው። አይደረግም።

ምናልባት ቁጥሮቹ ሁሉ ጤነኛ ሆነው ከተገኙስ? ያኔ ከሞተሩ ወደ ዳሽቦርዱ ስር የሚገቡትን ሁለት የአልሙኒየም ቱቦዎች ንኪ (ኮምፕረሰሩ ጋር ያለውን ቀጭኑን ግን አትንኪ ያቃጥላል)። ወፍራሙ ቀዝቅዞ ላብ ካላበው ኤሲው እየሰራ ነው፣ ውስጥ ያለችው ሙቀትና ቅዝቃዜ የምትቀላቅለው በር ናት ሙቁ ጋር ተይዛ የቀረችው፣ ኬብሏ ወጥቶ ወይ ሞተሯ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ለሱ ጋዝም ኮምፕረሰርም አያስፈልግም። ነፋሱ ራሱ ደካማ ከሆነ ደሞ ከተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ ጀርባ ያለውን የአየር ፊልተር አውጥተሽ እዪ።

ኮምፕረሰሩ እውነት ሞቶ ከሆነ፣ ጌጁም መስክሮ ከሆነ፣ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ታገኚያለሽ፣ ግን ቧንቧ ቀዳዳዎቹ በክዳን ተዘግተው የቆዩትን ምረጪ፣ ዘንጉን በእጅሽ አዙሪው፣ ለስላሳ ሆኖ ትንሽ መያዝ አለበት፣ የሚንኳኳ ወይም ጭራሽ ልቅ የሆነውን ተዪው። ከአሮጌው የወጣውን ዘይት ነጭ ጨርቅ ላይ አፍሰሽ እዪ። ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ የብረት ዱቄት ካለው ኮምፕረሰር ብቻ መቀየር ብር መጣል ነው፣ ያ ዱቄት ኮንደንሰሩ ውስጥ ሞልቷል፣ አዲሱንም ይበላዋል። መስመሩ ይታጠብ፣ ኮንደንሰሩና ቫልቩ አብረው ይቀየሩ።

ስራው አልቆ መኪናሽን ስትረከቢ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ ለአስር ደቂቃ ይሰራልሽ፣ ሳትነጂው፣ በቀን በሙቀቱ ሰአት፣ ቴርሞሜትር መካከለኛው የአየር መውጫ ላይ አስገቢና ከ5 እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ማየት አለብሽ። ስንት ግራም እንደገባ ደረሰኙ ላይ ይጻፉልሽ። ከዛ እስከ ጉዞሽ ሳምንት ያህል ጊዜ ስጪው፣ ዛሬ ሰርተሽ ነገ እንዳትወርጂ፣ ሊክ ከቀረ እዚው ከተማ ውስጥ ያሳይሽ። ከዛም በኋላ ክረምትም ቢሆን በሳምንት አንዴ አስር ደቂቃ አብሪው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የመስታወቱን ጉም ይጠርግልሻል፣ የኮምፕረሰሩም ማሸጊያ ዘይት እያገኘ አይደርቅም። የኛ ሰው አየሩ ደህና ነው ብሎ ወራት ሙሉ ስለማያበራው ነው ለበአል ወደ ታች ሲወርድ ሞጆ ላይ ሙቅ የሚነፋበት።

የሎውና የሀይ ቁጥሩን፣ ፋኑ መዞር አለመዞሩን፣ የውሃው ሙከራ ምን እንዳሳየ ጻፊልኝ፣ በሱ ላይ ተነስቼ ቀጣዩን እነግርሻለሁ።